የወንዝ አፍና የክረምት ወራት፤ የጣና ዓሣ ማጥመድ ታሪክ ከጎጃም በኩል ሲታይ

ጎጃም የውሃ አገር ነው። አባይ ከጣና ወጥቶ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ይዞረዋል፤ በሰሜን በኩል ጣና ራሱ ይገጥመዋል። መሃል ላይ ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጨሞጋን፣ ሙጋን፣ ሱሃን፣ ተምጫን ወደ በረሃው ይልካል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለውን ተረት እዚህ ላይ መጥቀስ ቀላል ነበር። በዓሣ ነገር ግን ልጁ ጠምቶት ሳይሆን ሳይፈልግ ነው የኖረው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለ ገበሬ ስለ ጤፉ፣ ስለ በሬው፣ ስለ ንቡ ሲጠየቅ ቀኑን ሙሉ ያወራል፤ ስለ ዓሣ ቢጠየቅ ግን ወሬው ወደ ባሕር ዳር ሰዎች ይሄዳል።

ይህ ጽሑፍ የሚዳስሰው የዚያን «የባሕር ዳር ሰዎች» ሥራ ታሪክ ነው። ማን አጠመደ? በምን? መረቡ ሲለወጥ ምን ሆነ? በመጨረሻም ጣና ያጣው ነገር ከጀልባ ማነስ ነው ወይስ ከሌላ? ብዙ ጊዜ ሲባል የምንሰማው «ሐብቱ አለ፣ የጎደለው ዘመናዊ መሣሪያ ነው» የሚል ነው። እኔ ከዚህ ጋር አልስማማም፤ ምክንያቴንም እየሄድኩ አቀርባለሁ። ሌላ ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዓ.ም. የተጻፈባቸው በኢትዮጵያ ናቸው።

መጀመሪያ ደገኛው ለምን ከዓሣ ራቀ የሚለውን እንይ። የተለመደው መልስ ሃይማኖት ነው፤ ይህ ግን ግማሽ መልስ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ያልተቋረጠ ሲሆን፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዱ ካህን ሲፈቅድ ሌላው ይከለክላል። በፍስክ ቀን ግን ማንም አልከለከለም፤ ያም ሆኖ ደገኛው አልበላም። የጎጃም ደጋ በሬና በግ ያለበት፣ ቅቤ የማይታጣበት አገር ነበር። ዓሣ ደግሞ እሾሃም፣ በአንድ ቀን የሚበላሽ፣ ለማጓጓዝ የማይመች ነገር ነው።

ሌላው ምክንያት መሬቱ ነው። ሰው የሚኖረው ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ሜዳ ላይ ነው፤ አባይ የሚፈሰው ከእግሩ በታች ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በሚወርድ ሸለቆ ውስጥ ነው። ታች ሙቀትና ወባ አለ። ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን በአስፋልቱ የወረደ ሰው ይህን ርቀት በጆሮው ግፊት ያውቀዋል፤ በእግሩ ወርዶ ዓሣ ይዞ እስኪወጣ ድረስ ግን ያ ዓሣ ዓሣ መሆኑ ይቀራል። ላይኞቹ ጅረቶች ደግሞ ቀዝቃዛና ቁልቁለታማ ናቸው፤ በክረምት ድንጋይ እየገፉ ይወርዳሉ፣ በበጋ ይሳሳሉ። እንደ ቆሮሶ ያለ ሙቀት ወዳድ ዓሣ እዚያ አያድግም። እንግዲህ ለጎጃም የሚረባ የዓሣ ቦታ አንድ ብቻ ቀረ፤ እሱም ጣና ነው።

ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ስፋት የሚገርመው ጥልቀቱ ነው፦ በአማካይ 8 ሜትር፣ ቢበዛ 14 ሜትር። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተኛ ሰፊ ሳህን እንደማለት ነው። ከመውጫው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ጢስ አባይ ፏፏቴ አለ፤ 40 ሜትር ገደማ የሚዘልለው ይህ ገደል ከታችኛው አባይ ለሚመጣ ዓሣ የተዘጋ በር ነው። ታች ያሉት ትልልቅ አዳኝ ዓሦች ወደ ጣና አልወጡም። የሐይቁ ወለል ጥናት እንደሚያሳየው ከ15,000 ዓመት በፊት ገደማ ሐይቁ ራሱ ደርቆ ያውቃል። በኋላ ሲሞላ ገብተው የተባዙት ዓሦች በዚህ በተዘጋ ውሃ ውስጥ በራሳቸው መንገድ ተለያዩ።

ሳይንቲስቶች ላቤዎባርበስ የሚሏቸው፣ ነጋዴው ደግሞ ባርበስ ብሎ በአንድ ስም የሚሸጣቸው ትልልቅ ዓሦች የዚህ ታሪክ ዋና ባለቤቶች ናቸው። የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈርዲናንድ ሲቢንግና ሊዮ ናጌልከርከ በ1990ዎቹ በአፍ፣ በጭንቅላትና በአመጋገብ ለይተው 15 ያህል ዝርያዎች ቆጠሩ። ከነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። ይህ ለባለሙያ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ባርበስ የሚመደብበት ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ በመላው ዓለምም አዳኝ የሚሆኑት ጥቂቶች ናቸው። ጣና ላይ ግን ሌላ አዳኝ ስላልነበረ ቦታውን ያዙት። በፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅ ተመሳሳይ ስብስብ ነበረው። ከውጭ ዓሣ ገባበት፣ ከልክ በላይ ተጠመደ፣ አለቀ። ስለዚህ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ስብስብ ሳይጠፋ የቀረው ጣና ላይ ነው ማለት ነው። በጎጃም ትምህርት ቤቶች ስለ ዋልያ እንደሚነገረው ያህል ስለነዚህ ዓሦች ሲነገር አልሰማሁም።

ከነሱ ጋር ሁለት የታወቁ አሉ፦ ቆሮሶና አምባዛ። ሁለቱም በሐይቁ ዳር፣ በሸምበቆና በደንገል ውስጥ ይራባሉ። ባርበስ ግን አብዛኛው እንደዚያ አይደለም። ልዩነቱ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ስለሚወስን አንባቢ ይያዝልኝ።

አጥማጁስ ማን ነበር? ለብዙ መቶ ዓመታት የጣና ዓሣ በዋናነት የነገደ ወይጦ ሥራ ነበር። ከደንገል ታንኳ ሠርተው በቀዘፋ ሐይቁን ያውቁት ነበር። ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ጉማሬ ያድናሉ፤ የጉማሬ ቆዳ አለንጋ በየመኳንንቱ ቤት ይፈለግ ነበር። ጉማሬ ስለሚበሉ ግን ክርስቲያኑም እስላሙም አራቃቸው፤ እነሱ እስላሞች ነን ቢሉም ተቀባይነታቸው ጎደሎ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጣናን አልፎ ወደ ግሽ አባይ ሲወጣ ስለነሱ ጽፏል፤ የጻፈውም ሌላው ሰው እንዴት እንደሚፈራቸው ነው። የቀድሞ ቋንቋቸውን ትተው አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል፤ ያ ቋንቋ ከየትኛው ወገን እንደነበረ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም።

ይህ የኅብረተሰብ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የዓሣውም ታሪክ ነው። በጎጃም መሬት ሕግ አለው፤ ርስት፣ ድንበር፣ ሽማግሌ፣ የውሃ አባት፣ የተከለለ ጓሳ። በሸዋም የመንዝን ጓሳ ያስጠበቀው የገበሬው የራሱ ሥርዓት ነበር። ውሃው ውስጥ ያለውን ግን ገበሬው የእኔ አላለውም። የሚያውቀው ወገን ድምፅ አልነበረውም፤ ድምፅ የነበረው ወገን አያውቀውም ነበር። አዲስ መረብ ሲመጣ «ተው፣ በዚህ ወር አይጠመድም» የሚል የሚከበር ሰው ያልነበረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በዚህ ላይ የሚከራከሩኝ ይኖራሉ፤ ገዳማቱም በደሴቶቻቸው ዙሪያ ዛፉን ከመጥረቢያ ጠብቀዋልና። ዛፉን ጠብቀዋል፤ በወንዝ አፍ የሚያልፈውን ዓሣ ግን የጠበቁ አይመስለኝም።

የውጭ ጸሐፊዎች በዚህ መሃል ዓሣውን በስም ማስመዝገብ ጀምረው ነበር። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል በ1830ዎቹ መጥቶ በርካታ የጣና ዓሦችን ለሳይንስ አሳወቀ። ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ሐይቁንና የአባይን መንገድ እየዞረ ለካ፤ መጽሐፉ በ1936 ወጣ። ቀጥሎ ጣሊያን መጣ። በጂዮቶ ዳይኔሊ የሚመራ የጥናት ቡድን በ1937 ጣናን አጠና፤ ቢኒ የተባለው ባለሙያ በ1940 ዓሦቹን ሲያትም አንዱን በዳይኔሊ ስም ጠራው። ወረራው አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፣ ስሙ ግን በዓሣው ላይ ቀረ። እነዚህ ሁሉ ስለ ዓሣው ጻፉ እንጂ ስለ አጥማጁ ኑሮ ያስቀሩልን ጥቂት ነው።

አጥማጁ በደንገል ታንኳ ሲሄድ ከዳር ብዙ አይርቅም። ደንገል ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፤ ወደ ዳር አውጥቶ ማድረቅ ግድ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጣና ማዕበል አለው። ስለዚህ መንጠቆው፣ ቅርጫቱ፣ ወጥመዱና ጦሩ የሚደርሱት ዳር ዳሩን ብቻ ነበር፤ መሃሉ ያለ ሕግ ተጠበቀ። ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ ያለው ደቡባዊ ሰላጤ ግን ሁልጊዜ ሰው የሚመላለስበት ነው። ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ እንጦንስ ኢየሱስ፣ ወደ ደብረ ማርያም፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚሻገረው ምእመን፣ የዘጌን ቡናና ማገዶ የሚያመጣው ታንኳ፣ በኋላም ወደ ጎርጎራ የሚሄደው መርከብ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ንግዱም ዓሣውም በዚሁ ጠባብ ማዕዘን ተጋፋ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1986 ነው። የጣና ዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም የተባለ ሥራ ተጀመረ፤ ያቋቋሙት ግብርና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና የሆላንድ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው። ከሆላንዶቹ አንዱ የመጣው ኡርክ ከተባለች የአጥማጆች ከተማ ነው። ኡርክ በዙይደር ዚ ባሕር ውስጥ ደሴት ነበረች። መንግሥት በ1932 ባሕሩን በግድብ ዘጋው፣ ባሕሩ ጨዋማነቱን አጥቶ ሐይቅ ሆነ፣ በ1939 ደሴቷ ከየብስ ጋር ተያያዘች። አጥማጆቿ ግን ሙያቸውን አልተዉም፤ ወደ ሰሜን ባሕር እየወጡ ማጥመዱን ቀጠሉ። የባሕራቸውን መዘጋት ያዩ ሰዎች ልጆች ናቸው እንግዲህ ሞተርና መረብ ይዘው ወደ ባሕር ዳር የመጡት። ቅን ልብ ነበራቸው፤ በዚያ ላይ ጥርጣሬ የለኝም። 1977 ዓ.ም. የረሃብ ዓመት ነበር፤ ለረሃብ ፕሮቲን ማምጣት መልካም ሐሳብ ነው።

ያመጡት ግን ሁለት ነገር ነበር፣ ሁለቱም የሐይቁን የቆየ ሚዛን የሚያፈርሱ። ሞተር ያለው ጀልባ በደንገል ታንኳ ሊደረስ ያልቻለውን የሐይቁን መሃልና የሩቅ ዳር ከፈተ። ከናይለን የተሠራው ማነቂያ መረብ ደግሞ ውሃ ውስጥ ሳይበሰብስ ሌሊቱን ተዘርግቶ ያድራል፤ ዓሣው ጭንቅላቱን አስገብቶ ይያዛል። ባሕር ዳር ላይ የአጥማጆች ማኅበራት ተደራጁ፣ የዓሣ ምርትና ግብይት ድርጅት እየገዛ ወደ አዲስ አበባ ላከ። ምርቱ በግልጽ ጨመረ፦ በሞተር ጀልባዎቹ የተያዘው ዓሣ በ1987 ከነበረበት 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ። ይህን የጻፈው ተስፋዬ ውድነህ ነው፤ በ1998 ስለ ባሕር ዳር ሰላጤ ዓሣ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ። ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ይህ ልማት ነው።

ሌላ ቁጥር ግን አለ። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ፣ ከኛም ባለሙያዎች ጋር፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 አካባቢ በተመሳሳይ መንገድ የተያዘውን አነጻጽረው በ2004 አሳተሙ። የባርበስ ክምችት በክብደት በ75 በመቶ ወርዷል። ታዳጊዎቹ ከዚያም በባሰ ሁኔታ ቀንሰዋል። ለመረብ የማይመች ታዳጊ ዓሣ ሲጠፋ ምክንያቱ ትልልቆቹን ለገበያ ከመሰብሰብ በላይ ነው፤ የሚወልደው አልደረሰም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ባርበስ ከቆሮሶና ከአምባዛ የሚለይበትን ነገር ማምጣት ያለብኝ። ከ15ቱ ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች ለመራባት ሐይቁን ለቀው ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ክረምቱ ሲበረታ፣ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥቅምት፣ በብዛትም በነሐሴና በመስከረም፣ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በገልዳ፣ በግልገል አባይ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ወደ ላይ፣ ጠጠር ወዳለበትና ንጹሕ ውሃ ወደሚፈስበት ቦታ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን እዚያው ጥለው ይመለሳሉ። ትልልቆቹ ለመራባት ዓመታት ይፈጅባቸዋል፣ ብዙ ዓመት ይኖራሉ። በመስከረም አንድ ሌሊት የተዘረጋ መረብ የወንዙን አፍ ከዳር እስከ ዳር ቢዘጋ፣ የበርካታ ዓመት እድገት በአንድ ጠዋት ይወጣል።

ይህ የጣና ብቻ ጠባይ አይደለም። በጠባብ መተላለፊያ ላይ የተሰበሰበ ዓሣ ሁልጊዜ ለአጥማጅ ቀላል ነው። ጥቁር ባሕርንና ማርማራን የሚያገናኘው የቦስፎረስ ወሽመጥ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው፦ በጥንት ዘመን ባይዛንቲየም፣ በኋላም ኢስታንቡል፣ በየወቅቱ በሚያልፈው የዓሣ ጎርፍ ተጠቅመዋል። በአንድ በኩል መርከብ ይመላለሳል፣ በሌላ በኩል አጥማጁ በመንጠቆና በመረብ ይጠብቃል። ቱርኮች ዓሣው እያነሰ ሲመጣ ያደረጉት ምንድን ነው? ለትልልቆቹ መረቦች የተዘጋ ወቅት አወጡ፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አይጠመድም። መስከረም ሲከፈት ገበያው ደስ ይለዋል። ፍጹም አይደለም፣ ስርቆትም አለ፣ ግን ወሩን ሁሉም ያውቀዋል። በጣና ዙሪያ ግን አጥማጁ በክረምት ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰብ ሰርግ የተጠራ ይመስላል። ዋጋው በዚያ ሰሞን ይረክሳል፣ እንቁላል የያዙት ይበዛሉ፣ ገዥውም ይደሰታል።

መረቡ ብቻውን አልመጣም። የብርብራ ፍሬ የድሮ ጓደኛ ነበር። ብርብራ በአገራችን ብቻ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ ሲጨመር ሮቴኖን የተባለው ንጥረ ነገር ዓሣውን መተንፈስ ይከለክለዋል፣ ወደ ላይ ተንሳፍፎ በእጅ ይለቀማል። በክረምት በትናንሽ ገባሮች ላይ ሲጣል ከታች ያለውን ሁሉ ይጨርሳል፤ ትልቁንም፣ የተፈለፈለውንም፣ የሚበሉትን ነፍሳትም። እኔ ብርብራን የሚጥለውን ገበሬ ብዙም አልወቅስም፤ ለምሳ ዓሣ የፈለገ ሰው ነው። የሚወቀሰው ውሃው የማንም እንደሆነ ያስተማረው ዘመን ነው።

የክርክሩን ሌላ ወገን ማዳመጥ ተገቢ ነው። «ዓሣው በተፈጥሮ ይዋዥቃል፣ በደረቅ ዓመት ይቀንሳል» የሚሉ አሉ፤ የደ ግራፍ ጽሑፍ ራሱ ጥያቄውን ያነሣው በዚህ መልክ ነበር። ይህ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን በተፈጥሮ ብቻ ቢሆን ቆሮሶና አምባዛም አብረው በዚያ ልክ መውረድ ነበረባቸው፤ እነሱ ግን እንደዚያ አልወረዱም፣ ወንዝ የሚወጣው ባርበስ ወደቀ። ምክንያቱ ወንዝ አፍ ላይ እንደሆነ ለእኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም። ሌላው የሚደጋገመው «ጣና በዓመት 10,000 ቶን ሊሰጥ ይችላል፣ እኛ የምናገኘው ጥቂቱን ነው» የሚለው አኃዝ ነው። በየሪፖርቱ ይገኛል። አኃዙ ግን ሐይቁን እንደ አንድ ድስት ይቆጥረዋል፤ ከዚህ ውስጥ ብዙው በሐይቁ መሃል የሚዋኘው ጣት የሚያህል ዓሣ ነው። እሸቴ ደጀን በ2003 ባጠናቀቀው ጥናት እነዚህን ትናንሽ ዓሦች ዘርዝሯል፤ አንደኛው፣ ባርበስ ታናፔላጂየስ፣ ለሳይንስ የታወቀውም በ2000 ነው። እነሱን ማጥመድ ይቻላል፣ በተለየ መረብና በተለየ ገበያ። ያንን ቁጥር ወስዶ ባርበስ ላይ ተጨማሪ ጀልባ መፍቀድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሕግ አልጠፋም። ፌዴራሉ በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን አወጣ፣ ክልሉም በዚያው ሰሞን የራሱን አዋጅ አከለ። የተከለከለ መረብ፣ የተከለከለ ቦታ፣ መርዝ፣ ፈቃድ ሁሉም ተጽፏል። የባሕር ዳር ዓሣና ሌላ የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከልም ወሩንና ወንዙን እየጠራ ይመክራል። የጎደለው ሕግ የሚያስከብር ጀልባና፣ ከዚህ በላይ ደግሞ፣ ሕጉን የኔ ብሎ የሚይዝ አጥማጅ ነው። ከሕጉ በኋላ በሱዳን በኩል ርካሽ የሆነ ቀጭን አንድ ክር መረብ ገባ። ዓሣው አያየውም፣ ሲቀደድ ይጣላል፣ የተጣለውም ውሃ ውስጥ ማጥመዱን ይቀጥላል። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሄደው የደረቀ ዓሣም ገበያውን ሰፋ አደረገው፤ በረዶ የሌለው አጥማጅ ለተያዘው ሁሉ ገዥ አገኘ። አጥማጁ በዚህ መካከል ወደ ቆሮሶ አዘነበለ፤ ዛሬ የባሕር ዳር ገበያ ዋና ዓሣ ቆሮሶ ነው፣ እሱም እያነሰ፣ የሚሸጠውም እያጠረ ነው የሚሉ አጥማጆች ብዙ ናቸው።

ውሃውም አልቀረለትም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በጫራ ጫራ የተሠራው ዝቅተኛ ግድብ የሐይቁን መውጫ ለኤሌክትሪክ ኃይል መቆጣጠሪያ አደረገው። በ2003 ውሃው እጅግ ከመቀነሱ የተነሣ መርከቦች መሄድ ተቸገሩ፤ የዳሩ ሸምበቆ ደርቆ መሬቱ ታረሰ፣ የቆሮሶ መራቢያ ማለት ነው የታረሰው። በ2010 የተመረቀው ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ውሃውን በዋሻ ወደ በለስ ይልካል። ከርብ ወንዝ አሸዋ ይጫናል፣ ርብ ላይም ቆጋ ላይም ግድብ ቆሟል። የቆጋ መስኖ ለመራዊ ገበሬ ያመጣው ጥቅም እውነት ነው፤ ስንዴውንና ድንቹን ዓይኔ አይቷል። ዓሣ የሚወጣበት መንገድ ግን በየጊዜው እየጠበበ ነው። እንቦጭ የተባለውን አረም ሁሉም ያውቀዋል፦ በ2011 በሰሜን ዳር ታየ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ወጣት በእጁ ሊነቅለው ጭቃ ውስጥ ገባ። ስለ እንቦጭ የተጻፈው ስለ ዓሣው ከተጻፈው ይበልጣል፤ ስለዚህ እዚህ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ እንቦጭ ባይመጣም ባርበስ ቀድሞ ወድቆ ነበር።

ነገደ ወይጦ በዚህ ሁሉ ውስጥ የት አሉ? ከሞተር ጀልባው ትርፍ ብዙ አልደረሳቸውም። ጉማሬውም ቀንሷል፣ ደንገሉም ከዳሩ እየሸሸ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከደንገል መሶብና ታንኳ የሚሠሩ፣ ለቱሪስት ትንሽ ታንኳ የሚሸጡ ታያላችሁ። ስለ ጣና ዓሣ ወቅትና መንገድ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም ነበር፤ በፕሮጀክት ሰነድ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት በድህነታቸው ነው። ይህ ለእኔ ከመረቡ ያላነሰ ስህተት ነው። በ2015 ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ቀጠና አድርጎ ሲመዘግብ የሰውና የተፈጥሮ ኑሮ አብሮ እንዲጠበቅ ነው የታሰበው፤ የሐይቁ የመጀመሪያ አጥማጆች ያልተካተቱበት ጥበቃ ጎዶሎ ነው።

አሁን የሰው ዓይን ወደ ታች አባይ ዞሯል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘውን ንጋት ሐይቅ ፈጠረ። ግድቡ የቆመበት ጉባ የሚገኘው በመተከል ነው፤ መተከል ደግሞ ለብዙ ዘመን የጎጃም አካል ነበር። ማጥመድ ተጀምሯል፣ ዓሣውም በአዲስ ሐይቅ እንደሚሆነው በመጀመሪያ ዓመታት ብዙ ነው። የሰው ሠራሽ ሐይቆች ልምድ እንደሚያሳየው ይህ የመጀመሪያ ምርት አይዘልቅም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይወርዳልና ይረጋል። በጣና የተፈጸመው፣ ማለትም አስቀድሞ መሣሪያ፣ በኋላ ሕግ፣ እዚያም እንዳይደገም ጊዜው አሁን ነው። አንድ ነገር ግን ፈጽሞ እንዳይሞከር፦ ታች ያለውን ትልቅ አዳኝ ዓሣ በባልዲ ተሸክሞ ጣና ውስጥ መልቀቅ። ናይል ፐርች የተባለው አዳኝ ዓሣ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከገባ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአገሬው ዝርያዎች ጠፍተዋል። ጢስ አባይ ፏፏቴ ለሺህ ዓመታት የጠበቀውን አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ሊያበላሽ ይችላል።

ደብረ ማርቆስም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። ሕዝቡ ዛሬ ከአያቶቹ ይልቅ ዓሣ ይበላል። በዐቢይ ጾም፣ በረቡዕና በዓርብ የምግብ ቤቶች ሰሌዳ ላይ ዓሣ ጉላሽ፣ ለብለብ፣ ኮተሌት ተጽፎ ይታያል። አገሪቱ በነፍስ ወከፍ በዓመት የምትበላው ከአንድ ኪሎ በታች ቢሆንም፣ መንገዱ ከባሕር ዳር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነውና በማቀዝቀዣ ሳጥን ወይም ከበረዶ ጋር የተጫነው ዓሣ ሲነጋ ይደርሳል። ይህ መልካም ነው። የደብረ ማርቆስ ፍላጎት ግን ለጣና የወንዝ አፎች አዲስ ገዥ ነው፤ ገዥ ደግሞ ሕግ ያልዘጋውን ወር ሊዘጋ ይችላል።

ጣና የጎደለው ሞተር ሳይሆን ሦስት ወር ነው፦ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት። በነዚያ ወራት በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በገልዳና በግልገል አባይ አፍ መረብ ካልተዘረጋ፣ ብርብራም ካልተወቀጠ፣ ባርበስ ይመለሳል ብዬ አምናለሁ፤ ዓሣው ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ ግን ዓመታት ይፈጃል። አጥማጁ ለነዚያ ወራት ሌላ ገቢ ያስፈልገዋል፤ ያንን ማሰብ የክልሉ ግብርና ቢሮና የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ድርሻ ነው። ጥበቃውን ደግሞ ወንዙን ከሚያውቁት፣ ከነገደ ወይጦና ከየወንዙ አፍ ቀበሌዎች፣ በደመወዝ ቢቀጥሩ ከማንኛውም የፖሊስ ጀልባ ይረክሳል። አንባቢ ሆይ፣ በመስከረም ምግብ ቤት ገብተህ እንቁላል የሞላበት ትልቅ ባርበስ ሲቀርብልህ ከየት እንደመጣ ጠይቅ፤ ከወንዝ አፍ ከሆነ ቆሮሶ አዝዝ።